የአሮጌዋ ቮልስዋገን ሁለተኛ ማርሽ መፋጨቱን እንዴት አቆመ

ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ስቀንስ ካምቢዮው ክፉኛ ይፋጭ ነበር፤ በተለይ ጠዋት ሳይሞቅ። ፍሪሲዮኑን አስተካከልሁ፤ ለውጥ የለም። «ሲንክሮናይዘሩ (ማርሹ ከመግባቱ በፊት ፍጥነቱን የሚያስተካክለው ክፍል) አልቋል፣ ካምቢዮው ይውረድ» ተባልሁ። እኔ ግን በቅድሚያ ዘይቱን ማየት መረጥሁ።

በ1967 እ.ኤ.አ. የተሠራችው ቢትል ቮልስዋገኔ ካምቢዮዋና ዲፈረንሻሏ የሚጋሩት ዘይት ኤስኤኢ 90 ጂኤል-4 ነው (ኤስኤኢ የውፍረቱ፣ ጂኤል የቅመሙ ደረጃ ነው)፤ ሁለት ሊትር ተኩል ይበቃዋል። ከእኔ በፊት የተሞላው ጂኤል-5 ነበር። ቁጥሩ ስለበለጠ ይሻላል የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ለዚህ ካምቢዮ አይሻልም! ጂኤል-5 ለከባድ ዲፈረንሻል የታሰበ፣ የሰልፈርና የፎስፈረስ ቅመሙ የበዛ ነው። ቅመሙ የሲንክሮናይዘሩን የናስ ቀለበት ሊበላ ይችላል፤ ማንሸራተቱም ቀለበቱ ማርሹን ይዞ ፍጥነቱን እንዳያስተካክል ያደርገዋል።

አደራ፣ የማፍሰሻውን ቡሎን ከመንካታችሁ በፊት በግራ በኩል ያለውን የመሙያውን ፍቱ። እሱ እምቢ ካለ ባዶ ካምቢዮ ታቅፋችሁ ትቀራላችሁ። መፍቻው ባለ 17 ሚሊ ሜትር ስድስት ማዕዘን ነው። ጥቂት ነድቼ ዘይቱ እንደሞቀ አፈሰስሁት፤ ፀሐይ ላይ ሳየው ወርቃማ ብናኝ ያብለጨልጫል፤ የናሱ ነው። የማፍሰሻው ቡሎን ማግኔት ላይ የተለጠፈው ጥቁር ጭቃ መሰል ነገር የተለመደ ነው፤ የብረት ስባሪ ቢሆን ግን ያሰጋ ነበር።

አዲሱ ጂኤል-4 ዘይት ቶሎ ከተጨመረ ሳይሞላ የሞላ መስሎ ይፈሳል። ስለዚህ ጥቂት ጨምሮ ማረፍ፣ እንደገና መጨመር ነው፤ የመሙያው ቀዳዳ አፍ እስኪደርስ።

ሁለተኛው ማርሽ አሁን ያለ ድምፅ ይገባል። ያለቀውን ናስ ዘይት ስለማይመልሰው፣ በብርድ ጠዋት ብቻ ዝግ ብዬ አስገባዋለሁ።