የሲ-47 ሞዴል አውሮፕላንን መቀባትና ማስረጀት

በፕላስቲክ ሞዴል ላይ የሚታይ እያንዳንዱ ጭረት፣ እድፍና የደበዘዘ ቦታ እውነተኛውን አውሮፕላን ፀሐይ፣ ነፋስ፣ ጭስ ወይም የሰው ጫማ የነካበትን ስፍራ ማመልከት አለበት። ምክንያት የሌለው እድፍ ሞዴሉን ብዙ ያገለገለ አያስመስለውም፤ ያቆሽሸዋል እንጂ። ይህን ለማሳየት እ.ኤ.አ. በጁን 1944 በኖርማንዲ (ሰሜን ፈረንሳይ) ወረራ የአሜሪካን ፓራሹት ወታደሮች ያጓጓዘውን ዳግላስ ሲ-47 የተባለ የማጓጓዣ አውሮፕላን መርጫለሁ። የኢትዮጵያ አየር መንገድም እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 8 ቀን 1946 ከአዲስ አበባ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው በዚሁ ዓይነት አውሮፕላን ነበር። የክንፉ ርዝመት ከጫፍ እስከ ጫፍ 29 ሜትር ገደማ ስለሆነ በ1/72 መጠን፣ ማለትም ከእውነተኛው 72 ጊዜ አንሶ የተሠራው ሞዴል 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ይህም ለጀማሪ እጅ በቂ ስፋት ነው።

ክፍሎቹ ከመገጣጠማቸው በፊት በለብታ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይታጠባሉ፤ ከፋብሪካው ቅርጽ ማውጫ የቀረ ቅባት ካለ ቀለሙ አይይዝም። ሞዴሉ ከተገጣጠመና መጋጠሚያዎቹ በረቂቅ ብርጭቆ ወረቀት ከተስተካከሉ በኋላ መስኮቶቹ በማስኪንግ ቴፕ (በቀላሉ በሚላጥ የወረቀት ተለጣፊ) ይሸፈኑና ግራጫ ፕራይመር፣ ማለትም ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባ መነሻ ቀለም ይነፋል። ፕራይመሩ ቀለሙን ከመያዝ ባሻገር በጥሬ ፕላስቲክ ላይ የማይታየውን ስንጥቅና ጭረት ያጋልጣል፤ ስለዚህ ጉድለት በታየ ቁጥር ተመልሶ መሙላትና ማለስለስ ይገባል። ኤርብራሽም (ቀለምን በአየር ግፊት የሚነፋ ትንሽ መሣሪያ) ሆነ ስፕሬይ የሚጠቀም ሰው መስኮት መክፈትና ለቀለም ተን የተሠራ ጭምብል ማድረግ አለበት።

የአሜሪካ ጦር ሲ-47 ከላይ ኦሊቭ ድራብ የተባለ፣ ወደ ቡናማ የሚያደላ ጥቁር አረንጓዴ፣ ከሥር ደግሞ ኒውትራል ግሬይ የተባለ ግራጫ ይቀባ ነበር። ከቆርቆሮው የወጣው ቀለም እንዳለ ከተቀባ ትንሹ ሞዴል ላይ ከሚገባው በላይ ጠቁሮ ይታያል፤ ስለዚህ ከቀለሙ አንድ አሥረኛ ያህል ቀላል ግራጫ መቀላቀልን እመክራለሁ። አክሪሊክ (በውኃ የሚቀጥን) ቀለም ለኤርብራሽ እንደ ወተት እስኪፈስ ድረስ ይቀጥናል፤ ከ1 እስከ 1.5 ባር በሚሆን ግፊትም በስሱ ተደራርቦ ይነፋል። ኤርብራሽ የሌለው ሰው ሰፊና ለስላሳ ብሩሽ ይዞ፣ ቀለሙን አቅጥኖ፣ የመጀመሪያው ንብርብር ፈጽሞ እስኪደርቅ ድረስ ሁለተኛውን ሳይጀምር፣ ቀጣዩን ደግሞ ከቀድሞው አቅጣጫ አቋርጦ ቢቀባ ጥሩ ውጤት ያገኛል። ጉዳት የሚያመጣው ትዕግሥት አጥቶ በአንድ ጊዜ ወፍራም ቀለም መጫን ነው፤ ሪቬቶቹን (የብረት ገበታዎቹን የሚያያይዙትን ትንንሽ ምስማሮች ቅርጽ) እና የመጋጠሚያ መስመሮቹን ይደፍናቸዋል።

ኦሊቭ ድራብ በፀሐይ በፍጥነት የሚደበዝዝ ቀለም ነበር። ስለዚህ በዋናው ቀለም ላይ ትንሽ ፈዛዛ ቡናማና ግራጫ ተጨምሮ፣ በጣም ቀጥኖ፣ በክንፎቹና በአውሮፕላኑ ጀርባ ላይ በእያንዳንዱ የብረት ገበታ መካከል ባልተስተካከለ ሁኔታ ይነፋል። ከጎንና ከሥር ያለው ክፍል ያን ያህል ፀሐይ ስለማያገኘው እንዲህ መደብዘዝ የለበትም።

ከዚህ በኋላ የወረራው መለያ የሆኑት ሦስት ነጭና ሁለት ጥቁር መስመሮች በክንፎቹና በአካሉ የኋላ ክፍል ዙሪያ ይሠራሉ። ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላኖች ላይ የእያንዳንዱ መስመር ስፋት 61 ሴንቲ ሜትር ስለነበር በ1/72 መጠን 8.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። መጀመሪያ ሙሉው ቦታ ነጭ ይቀባል፤ ነጭ የሚቀሩት መስመሮች በቴፕ ከተሸፈኑ በኋላ ጥቁሩ ይከተላል። እውነተኞቹ መስመሮች ከዘመቻው በፊት በነበሩት ጥቂት ቀናት በጥድፊያ፣ ብዙ ጊዜም በእጅ ብሩሽ የተቀቡ ስለነበሩ፣ ጠርዛቸው ትንሽ ቢዛነፍ ወይም ከነጩ ሥር አረንጓዴው በስሱ ቢታይ እንደ ስህተት አይቆጠርም። ይልቁንም ብዙ ሠሪዎች የሚዘነጉት ሌላ ነገር አለ፤ አረንጓዴው የወራት ፀሐይ ያየ ሲሆን መስመሮቹ ገና አዲስ ስለነበሩ፣ ሁለቱን እኩል ማስረጀት ታሪኩን ያፋልሳል።

ዲካል፣ ማለትም በውኃ ተነክሮ የሚለጠፍ የምልክት ሥዕል ከመለጠፉ በፊት አንጸባራቂ ቫርኒሽ ይነፋል፤ በሻካራ ገጽ ላይ የተለጠፈ ዲካል ከሥሩ አየር ይዞ እንደ ብር ያብለጨልጫል። ዲካሉ ከደረቀ በኋላ በዚያው ቫርኒሽ ይታሸጋል፤ ቫርኒሹም አክሪሊክ መሆን አለበት፤ ምክንያቱም ቀጥሎ የሚመጣው የዘይት ቀለም በዋይት ስፒሪት (የዘይት ቀለም ማቅጠኛ ፈሳሽ) ስለሚቀጥን በደንብ የደረቀውን አክሪሊክ አይፈታውም።

የሰዓሊ ዘይት ቀለም በዋይት ስፒሪት እንደ ቆሸሸ ውኃ እስኪሆን ይቀጥንና በቀጭን ብሩሽ ጫፍ የገበታዎቹን የመጋጠሚያ መስመሮች ይነካል፤ ራሱ በመስመሩ ውስጥ ይሮጣል። ለአረንጓዴው ጥቁር ቡናማ፣ ለሥረኛው ግራጫ ደግሞ ጠቆር ያለ ግራጫ ይስማማል፤ በነጩ መስመር ላይ ግን ንጹሕ ጥቁር ዓይን ስለሚወጋ ፈዛዛ ግራጫ ይበቃል። ግማሽ ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ ትርፉ በጨርቅ ይጠረጋል። የመጥረጊያው አቅጣጫ ሁልጊዜ ከፊት ወደ ኋላ፣ ማለትም ነፋሱ በሚፈስበት መንገድ ይሁን፤ የሚቀረው ስስ እድፍ ያኔ የበረራ ምልክት ይመስላል።

የተላላጠ ቀለም ለማሳየት ትንሽ ስፖንጅ ተቆርሶ የአሉሚኒየም ቀለም ይነካል፤ አብዛኛው በወረቀት ላይ ከተራገፈ በኋላ ቀስ ብሎ ይጠቀጠቃል። ቦታዎቹ በግራ በኩል ያለው ትልቁ የጭነት በር ደፍ፣ መካኒኮች የሚረግጡት ክንፉ ከአካሉ የሚገናኝበት ቦታ፣ የሞተር ክዳኖች ጠርዝና የፕሮፔለሮቹ ፊተኛ ጠርዝ ናቸው። በክንፎቹና በጅራቱ ኋላ የሚንቀሳቀሱት መቆጣጠሪያዎች፣ ማለትም አይለሮኖቹ፣ ኤሌቬተሮቹና ራደሩ ግን በጨርቅ የተሸፈኑ ስለነበሩ በእነርሱ ላይ ብረት መታየት የለበትም። የክንፉ ፊተኛ ጠርዝ ላይም የበረዶ መከላከያ ጥቁር ጎማ ተገጥሞ ከሆነ እንዲሁ ነው፤ ጎማ ይደበዝዛል እንጂ አይላላጥም። ስለዚህ የሚሠራውን አውሮፕላን ፎቶግራፍ አስቀድሞ ማየት ግድ ነው።

ደብዛዛ ቫርኒሽ ከተነፋ በኋላ የጭሱ ጥላሸት ይመጣል። ለስላሳ ጠመኔ በብርጭቆ ወረቀት ላይ ተፈግፍጎ ዱቄቱ በደረቅ ብሩሽ ከጭስ ማውጫው ጀምሮ ወደ ኋላ እየሳሳ ይዘረጋል፤ ዳሩ ጥቁር ቡናማ፣ መካከሉ ደግሞ ፈዛዛ ግራጫ ሲሆን ለእውነት ይቀርባል። ዱቄቱ ቫርኒሽ ከተነፋበት ግማሹ ስለሚጠፋ ሳይታሸግ ቢቀር ይሻላል፤ ከዚያ በኋላ ሞዴሉ ሞተሮቹን ሳይነኩ ከጅራቱ ወይም ከክንፎቹ ጫፍ ብቻ ይያዛል። የመስኮቶቹ ቴፕ በመጨረሻ በጥርስ መፈልቀቂያ እንጨት ጫፍ ከማዕዘኑ ተነስቶ በቀስታ ይላጣል።