ቤዝ ይዘህ ሥራ ስትወጣ፦ ለድሬና ለሐረር ጀማሪ ቤዚስት

ባንድ ውስጥ ቤዝ ለመጫወት ካሰብክ መጀመሪያ ይህን ልንገርህ። ከሠርግ የሚወጣ ሰው ስለ ቤዚስቱ አያወራም። ዘፋኟን ያደንቃል፣ ሳክስ የነፋውን ማን እንደሆነ ይጠይቃል፣ ከኪቦርዲስቱ ስልክ ይቀበላል። ቤዙ የጠፋ ዕለት ግን ቤቱ ሁሉ ይቀዘቅዛል። ምን እንደጎደለ የሚያውቅ የለም፤ ጨፋሪው ብቻ አንድ በአንድ ወደ ወንበሩ ይመለሳል። ይህ ሥራ ትልቅ ክብር ያለው ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ድሬና ሐረር ውስጥ በቤዝ እንጀራ ለመብላት የሚያስፈልገውን፣ ማንም ቁጭ አድርጎ የማይነግርህን ነገር እጽፍልሃለሁ። እህቴ ከሆንሽም ያው ነው፤ "አንተ" እያልኩ የምጽፈው ለሁላችሁም ነው።

ጣትህን ለማፍጠን አትቸኩል። መጀመሪያ ከድራመሩ ጋር ተቀመጥ። ሁለታችሁ ብቻ፣ ያለ ኪቦርድ፣ ያለ ዘፋኝ። በችክችካ ጀምሩ። እስከ ስድስት ቁጠር። አንድ ላይ ሩቱን፣ ማለትም የኮርዱን መነሻ ኖታ ምታ። አራት ላይ ድገመው ወይም ከሩቱ አምስተኛ የሆነውን ኖታ ምታ። ሌላውን ተወው። ድራመሩ ኪኩን፣ በእግር የሚመታውን ትልቁን ከበሮ ሲረግጥ ያንተም ጣት አብሮ ክሩ ላይ መውረድ አለበት። ሁለቱ በደንብ ሲገጥሙ ኪክ የቱ፣ ቤዝ የቱ እንደሆነ መለየት ያቅትሃል፤ የምትፈልገውም ይህንኑ ነው። ስድስት ላይ አንዲት አጭር ኖታ ብትጨምር ዙሩን ወደ አንድ ትገፋልሃለች። በየዙሩ ግን አትጨምራት፤ ትሰለቻለች።

ብዙ ጀማሪ ኖታውን መቼ እንደሚመታ ይማራል፣ መቼ እንደሚያቆመው ግን አይማርም። አራት ላይ የመታኸውን እስከ ስድስት ከጎተትከው ችክችካው ይከብዳል፣ እግር ይይዛል። አምስት ላይ የግራ እጅህን ጣት ላላ አድርገህ ድምፁን ካፈንከው ግን ይዘላል። ሁለቱንም ዓይነት በስልክህ ቅዳና ስማው። ልዩነቱ ትከሻህ ላይ ይታወቅሃል።

ቴምፖ፣ ማለትም የምቱ ፍጥነት ላይ አደራ። ድሬ ከቀትር በኋላ ምን እንደምትመስል ታውቃለህ፤ ሙቀቱ ሱቁን ሁሉ ያዘጋል፣ በርጫው ይደራል፣ ሙዚቀኛውም አብሮ ይቀመጣል። በምርቃና መድረክ ላይ የወጣ ድራመር ይሮጣል። ሮጦ ሲሄድብህ አብረህ አትሩጥ፣ ፊትህንም አታጥቁርበት። አጠገቡ ቁም፣ ዓይኑን እየው፣ አንድን ጠበቅ አድርገህ ምታ። ዓይን ለዓይን ከተያያችሁ በሁለት ሦስት ዙር ይመለሳል።

ወደ ቅኝት ልሂድ። አብዛኛው ልጅ ከኢንተርኔት "ሩትና አምስተኛ" ተምሮ ይመጣል። ለትዝታ ይሠራል፣ ለባቲ ይሠራል፣ ለአምባሰልም ይሠራል። በሦስቱም ውስጥ አምስተኛው ሙሉ ነውና። አንቺሆዬ ላይ ግን ይከዳሃል። ከሲ ብትነሳ አንቺሆዬ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ነው። ጂ የለበትም! እጅህ ለምዶት ጂን ሲመታ ዘፋኙ ጂ ፍላት ላይ ከሆነ ሁለቱ ይጋጫሉ። አድማጩ ምክንያቱን ባያውቅም ጆሮው ይሻክርበታል። አንቺሆዬ ላይ ሩቱን ከነኦክታቩ፣ ከፍ ብሎ ከሚደገመው ከራሱ ኖታ ጋር ያዝ፣ መንቀሳቀስ ስትፈልግ ወደ አራተኛው፣ ወደ ኤፍ ሂድ። ትዝታ ላይ ደግሞ ሜጀር ይሁን ማይነር አስቀድመህ ጠይቅ፤ በማይነሩ ሦስተኛውና ስድስተኛው ግማሽ ድምፅ ይወርዳሉ። ዘፈኑ ተጀምሮ ከምታጣራ አንድ ቃል መጠየቅ ይሻላል።

ከዚህ ጋር የሚመጣ ሌላ ችግር አለ። ዘፋኝ ጉንፋን ይዞት ይመጣና "ዛሬ ግማሽ አውርዱልኝ" ይላል። ኪቦርዲስቱ ትራንስፖዝ የምትለዋን ይጫናል፣ አለቀ። አንተ የምትጫነው ነገር የለህም። በኢ ስትጫወተው የኖርከው ዘፈን ኢ ፍላት ሲሆን ያ ወፍራሙ ባዶ ክር፣ ፍሬት ሳትይዝ የምትመታው፣ አይሠራልህም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ዘፈኖችህን ያለ ባዶ ክር ልመዳቸው። ኢ ፍላትን ኤ ክር ላይ ስድስተኛው ፍሬት ላይ ያዝና ቅርጹን ከዚያ ጀምር። በዚህ ቅርጽ የለመድከውን ወደፈለግኸው ቦታ ታንሸራትተዋለህ።

ድሬ ውስጥ አንድ የሠርግ ምሽት በአንድ ቋንቋ አያልቅም። በአማርኛ ትጀምራለህ፣ የሙሽራው አጎቶች ሲነሱ የኦሮሞውን ሸጎዬ ትገባለህ፣ ከዚያ አንድ ጠረጴዛ ሙሉ ሰው የሶማሌውን ዳንቶ ይጠይቃል፣ ሐረር ከሆንክ የአደሬውን ዘፈን ካላወቅክ ቤተሰቡ ቅር ይለዋል። ይህ ለእኛ አገር አዲስ አይደለም። አፍረን ቀሎ በ1950ዎቹ እዚሁ ድሬ የተነሳ ባንድ ነው። ከዚያ የወጣው ዓሊ ቢራም በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፣ በሶማልኛና በአደሬ ዘፍኗል። ቃሉን ባትሰማውም ምቱን ማክበር ትችላለህ። ዳንቶ ለጆሮ ወደ ሬጌ ይቀርባል፤ ቤዙ ዘና ብሎ፣ ቦታ እየተወ ነው የሚሄደው። እዚያ ላይ የችክችካ ጥድፊያህን ይዘህ ከገባህ ታበላሸዋለህ። የማታውቀው ዘፈን ሲመጣ ሩቱን ብቻ ይዘህ አንድ ዙር ስማ። ጨፋሪዎቹ እግራቸውን የሚያሳርፉበትን ቦታ እይ፤ እነሱ ከማንም በላይ ያስተምሩሃል።

ለጆሮህ ደግሞ የድሮዎቹን ባንዶች ስማ። በአይቤክስ፣ ኋላም በሮሃ ባንድ ቤዝ የተጫወተው ጆቫኒ ሪኮ ለእኔ ትምህርት ቤት ነው። ያንን ቤዝ በጆሮ ማዳመጫ ለይተህ ተከተለው። ስንት ቦታ ዝም እንደሚል ቁጠር።

አሁን ወደ ትልቁ ፈተና ልምጣ፦ ኪቦርዱ። ደጋሽ ሒሳብ ሲጠብበት መጀመሪያ የሚቀንሰው ቤዚስቱን ነው። "ኪቦርዱ ቤዝ አለው አይደል?" ይላል። እውነት ነው፣ አለው። ስታይል በሚባለው የኪቦርዱ አጃቢ ምት ውስጥ ድራሙ፣ ቤዙና ኮርዱ ተዘጋጅተው ይመጣሉ። ችግሩ አንተም ተቀጥረህ ስትመጣ ያ የማሽን ቤዝ ሳይጠፋ መቅረቱ ነው። ሁለት ቤዝ ባንድ ጊዜ ሲጮህ ታችኛው ድምፅ ይጨቀያል፣ ሰውም ጥፋቱን ባንተ ያሳብባል። መፍትሔው ቀላል ነው። የስታይሉን የቤዝ ክፍል ለብቻው ማጥፋት ይቻላል። ግን ይህን ሳውንድ ቼክ ላይ ሰው ፊት አትናገረው። ቀደም ብለህ ሻይ ላይ "ወንድሜ፣ ዛሬ ቤዙን ለእኔ ተውልኝ፣ ግራ እጅህም ትንሽ ከፍ ብሎ ይጫወት" በለው። በክብር የተጠየቀ ኪቦርዲስት እምቢ ሲል አላየሁም። ፊት ለፊት የተወቀሰ ግን ማታውን ሙሉ ግራ እጁን ከታች አያነሳም።

ለደጋሹም መልስ ይኑርህ፤ በአፍ ሳይሆን በሥራ። ማሽን ሚዜዎቹ በር ላይ መድረሳቸውን አያይም። አንተ ታያለህ፣ ወደ ላይኛው ኦክታቭ ወጥተህ ታነሳቸዋለህ። ሽማግሌ ሊመርቅ ማይክ ሲይዝ ድምፅህን እስከ ሹክሹክታ ታወርዳለህ። ዘፋኟ ሸላሚ መጥቶ ስንኙን ስትደጋግም አብረሃት ትቆያለህ። እንዲህ የሚጫወት ቤዚስት የሰማ የባንድ መሪ በሚቀጥለው ሥራ ራሱ ይከራከርልሃል።

ስለ ዕቃ ብዙ አልልም። ጥሩ አራት ክር ያለው ቤዝ ይበቃሃል። ክሩ ከ45 እስከ 105 የሚለው መደበኛው ይሁን። እኔ ክር የማስመጣው ከአዲስ አበባ ነው፤ ስለዚህ አንድ ሙሉ የክር ስብስብ ሁልጊዜ ቦርሳዬ ውስጥ አለ። የድሬ ላብ ክር ይገድላል። በየዘፈኑ እረፍት በደረቅ ጨርቅ ጥረገው። የሞተ ክር ለጥቂት ደቂቃ በውኃ ቀቅለህ በደንብ ብታደርቀው ለአንድ ሁለት ሥራ ይነቃል። ቤዝህ ባትሪ የሚበላ ከሆነ ሥራ ስትጨርስ ጃኩን ንቀል። ጃኩ ከተሰካ ባትሪው እየሠራ ነው፣ ሙዚቃው ቢቆምም።

ሙቀቱን አትናቀው። ቤዝህን ቀን ላይ በከዚራ ሰፈር ጥላ ሥር በቆመ መኪና ውስጥ እንኳ አትተው፤ ጥላው ይዞራል። አንገቱ ይጣመማል፣ ሙጫው ይላላል። ሐረር ለመሥራት ስትወጣ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። መንገዱ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ግን ደንገጎን ወጥተህ ሐረር ስትገባ ከፍታው በ700 ሜትር ገደማ ጨምሯል፣ ማታው ይቀዘቅዛል። ድሬ ላይ የቃኘኸው ክር ቅዝቃዜው ሲይዘው ይሰበሰባል፣ ድምፁም ከፍ ይላል። ደርሰህ ወዲያው አትቃኝ። ቤዙን ከቦርሳው አውጥተህ አዳራሹ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል አቆየው፣ ከዚያ ቃኝ። ስትቃኝም ዝቅ አድርገህ ጀምርና ወደ ላይ እየወጣህ ድረስበት። ከላይ ወደ ታች የመጣ ክር መሐል ዘፈን ላይ ይንሸራተታል።

መብራት ላይ ቀልድ የለም። የቤዝህ አምፕ በአንድ ሶኬት፣ ሚክሰሩ በሌላ ሶኬት ከተሰካ፣ ክሩን ይዘህ ከንፈርህ ማይክ ሲነካ ሊመታህ ይችላል። ጄኔሬተር ሲሆን ደግሞ ይብሳል። አምፑም ሚክሰሩም ከአንድ ምንጭ ይሰኩ፣ ኤክስቴንሽኑ ሦስት እግር ይኑረው። ነዝር ከተሰማህ ሥራውን አቁመህ አስተካክል፤ ማንም ቢቆጣ ይቆጣ። ድምፁን በተመለከተ፣ አምፕህን ጥግ ላይ አታስቀምጥ። ሴራሚክ በለበሰ አዳራሽ ውስጥ ጥግ ቤዙን ያሳብጠዋል። ዳስ ውስጥ ወይም ግቢ ላይ ግን ድምፁ ይበተንብሃል፤ እዚያ ወደ ሞንታርቦው፣ ወደ ትልቁ ድምፅ ማጉያ መስመር ስጥና በዚያ ይውጣ።

ጆሮህንም ጠብቅ። 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ይቻላል ይባላል፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 100 ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ነው። እኛ ከሲምባሉ ጎን ሙሉ ማታ እንቆማለን። የጆሮ መድፈኛ ርካሽ ነው፤ ግዛ።

ገንዘብ። ቀብድ ሳይቀበል የሚወጣ ባንድ ውስጥ አትግባ። ግማሹ ቀድሞ፣ ቀሪው ኬክ ከመቆረሱ በፊት። አንድ ደጋሽ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ፣ ዕቃ ጭነን ከጨረስን በኋላ "ነገ ና፣ እሰጥሃለሁ" ብሎን ያ ነገ ሳይመጣ ቀርቷል። ስለዚህ ከመሪው ጋር ሦስት ነገር አስቀድመህ ተነጋገር፦ ትራንስፖርት ማን ይችላል፣ ከሰዓት በላይ ሲሄድ ስንት ይጨመራል፣ ሽልማቱ እንዴት ይከፈላል። የመጨረሻው ብዙ ባንድ ያፈረሰ ነገር ነው። ብሩ የሚለጠፈው ዘፋኙ ግንባር ላይ ነው፣ ግን ያን ሰው ከወንበሩ ያስነሳው የሁላችሁም ምት ነው። እኔ ዘፋኙ ግማሹን ይዞ ቀሪው ለባንዱ እኩል እንዲከፈል እመርጣለሁ። ሌላ አከፋፈልም ይሁን፤ ብቻ ቀን በብርሃን ይነገር።

ዓመቱንም አስልተህ ኑር። ጥርና ከፋሲካ በኋላ ያለው ጊዜ ጥሩ ነው፤ ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ሲደርስ ሆቴሉ ሁሉ ሞልቶ ሥራው ይደራረባል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን የኦርቶዶክስ ክርስቲያን ሠርግ የለም። ረመዳን ደግሞ የሙስሊሙ ሠርግ ይቆማል። አንዳንድ ዓመት አንዱ ሲዘጋ ሌላው ይከፈትልናል። በ2017 ግን ሁለቱ ጾሞች የካቲት ላይ በአንድ ሳምንት ውስጥ ተከታትለው ገቡ፣ ሥራው ባንድ ጊዜ ጭር አለ። ረመዳን በየዓመቱ በ10 ወይም በ11 ቀን ወደ ኋላ ስለሚሸሽ አስቀድመህ ማስላት ትችላለህ። ለዚያ ጊዜ የሚሆን ገንዘብ ከጥር ሥራ ላይ ለይ፣ ወይም የምታስተምራቸው ልጆች ይኑሩህ።

የመጀመሪያውን ሥራ እንዴት ታገኘዋለህ? በተተኪነት ነው። በከተማው የሚሠሩ ቤዚስቶችን እወቅ፣ ሲታመሙ ወይም ሁለት ሥራ ሲደርስባቸው የሚደውሉት ለሚያምኑት ነው። ልምምዳቸው ላይ ተገኝ፣ ገመድ ጠቅልል፣ ዘፈኖቹን ከነቁልፋቸው ደብተርህ ላይ ጻፍ። ሙሽራ ማስገቢያውን፣ ኬክ መቁረሻውን፣ ከእያንዳንዱ ቋንቋ አምስት አምስት ዘፈን ያዝ። ተተክተህ ስትሠራ የሰውየውን ቦታ ለመውሰድ አታስብ፤ ይህ ከተማ ትንሽ ነው፣ ወሬው ከሳቢያን መጋላ ሳይደርስ አያድርም። ስልክህንም ዓርብ ማታ አትዝጋ። ብዙውን ጊዜ የሚደውሉት ያኔ ነው።