ሙሸበክ ሲበላሽ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ሙሸበክ፣ ማለትም በዘይት ተጠብሶ ሽሮፕ ውስጥ የሚነከረው ጣፋጭ፣ ሲበላሽ መጀመሪያ የሚወቀሰው ሊጡ ነው። ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ያለው ሙቀቱ ላይ ነው፤ የሊጡ ማቆያ፣ የዘይቱ ወይም የሽሮፑ ሙቀት። ድሬዳዋ ላይ በትክክል የሚሠራ አሠራር ሐረር ሲወጣ የሚከሽፈውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከታች ያሉት ምክሮች በዚህ መጠን ላይ የተመሠረቱ ናቸው። ለሊጡ 500 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 60 ግራም የበቆሎ ስታርች፣ 1 የሻይ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 650 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃና ትንሽ ብርቱካናማ የምግብ ቀለም። ለሽሮፑ 1 ኪሎ ስኳር፣ 500 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ ከ4 እስከ 5 ፍሬ የተደቆሰ ሄል።

ሽሮፑ ተመልሶ ስኳር ሆነ

በቴርሞሜትር የምትሠሩ ከሆነ መጀመሪያ ቁጥሩን ተጠራጠሩ። ከባህር ወለል አጠገብ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች ውሃዋ በ96 ገደማ ይፈላል፤ ከ1,800 ሜትር በላይ ያለችው ሐረር ደግሞ በ94 ገደማ። በየቪዲዮው የሚነገረው «እስከ 106 ዲግሪ አፍሉት» ለባህር ዳርቻ አገር የተሠላ ነው፤ ፍሬ ነገሩ ውሃ ከሚፈላበት 6 ዲግሪ መብለጡ ነው። ሐረር ላይ ሆናችሁ 106ን ከጠበቃችሁ ውሃ ከሚፈላበት በ6 ሳይሆን በ12 ዲግሪ በልጣችኋል። ውሃው ከመጠን በላይ ስለተነነ ስኳሩ ሲቀዘቅዝ የሚሟሟበት ያጣና አሸዋ ይሆናል። ስለዚህ ድሬዳዋ ላይ 102፣ ሐረር ላይ 100 ሲደርስ አውርዱ። ቴርሞሜትር ከሌለ አንድ ጠብታ አቀዝቅዛችሁ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ሳቡት፤ አንድ ቀጭን ክር ከሠራ በቂ ነው።

ሙቀቱ ልክ ሆኖም ስኳር ከሆነ፣ ከፈላ በኋላ አማስላችሁታል፣ ወይም በድስቱ ግድግዳ ላይ የተጣበቀ ስኳር ተመልሶ ወድቆበታል። ስኳሩ እስኪሟሟ ብቻ አማስሉ፣ ግድግዳውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፣ ከዚያ ማንኪያውን አስቀምጡት። ሎሚው መፍላት ሲጀምር ይግባ እንጂ መጨረሻ ላይ አይደለም፤ ኮምጣጣው የስኳሩን የተወሰነ ክፍል ሰብሮ እንዳይረጋ የሚያደርገው በሚፈላበት ጊዜ ነው። ስኳር የሆነውን አትድፉት። 150 ሚሊ ሊትር ውሃና 1 የሾርባ ማንኪያ ሎሚ ጨምራችሁ በቀስታ እሳት አሟሙት፣ እንደገና እስከ ክሩ አድርሱት።

ሊጡ ኮመጠጠ፣ ሙሸበኩም አልቀላ አለ

ሁለቱ አንድ በሽታ ናቸው። እርሾው ከልክ በላይ ሲሠራ ስኳሩን ይጨርሰዋል፤ ስኳር የሌለው ሊጥ ዘይት ውስጥ ገርጥቶ ይቀራል። የድሬዳዋ ቀትር ላይ ሊጡ ከ40 እስከ 45 ደቂቃ ይበቃዋል። ሐረር ምሽት ላይ ግን አንድ ሰዓት ተኩል ሊፈልግ ይችላል። ሰዓቱን ትታችሁ ሊጡን እዩ፦ ፊቱ በትናንሽ አረፋ ሲሸፈንና ሲነኩት ዝቅ ሲል ጊዜው ነው። ካለፈበት 1 የሾርባ ማንኪያ ስኳርና አንድ እፍኝ ዱቄት ጨምራችሁ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጥበሱት። ቤኪንግ ሶዳ መጨመር ኮምጣጣውን ያጠፋል፣ ግን ትንሽ ከበዛ የሳሙና ጣዕም ይሰጣል፤ እኛ አንመክረውም።

ዘይት ውስጥ ተበታተነ

ሙሸበክ በአረብኛ «የተጠላለፈ» ማለት ነው፤ ክሮቹ ካልተያያዙ ስሙን አጥቷል። ሊጡ ቀጥኗል ማለት ነው። ከማንኪያ ሲወርድ ሳይቆራረጥ እንደ ሪባን መፍሰስ አለበት። ሲቆራረጥ ውሃ፣ ሲረጭ ዱቄት በማንኪያ በማንኪያ ጨምሩ። ባዶ የኬቻፕ ጠርሙስ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር በሆነ ቀዳዳ ጥሩ ይሠራል። ዘይቱ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ይኑረው፤ ከዚህ ከጠለቀ ክሩ ከመያያዙ በፊት ይንሳፈፋል።

ውጩ ደርሶ ውስጡ ሊጥ ነው፣ ወይም ዘይት ጠጥቷል

የመጀመሪያው በጣም የጋለ ዘይት ነው፣ ሁለተኛው ያልጋለ። ትክክለኛው ከ175 እስከ 180 ዲግሪ ነው። ጠብታ ሊጥ ጣሉ፦ ወርዶ በ2 ሰከንድ ውስጥ አረፋ እያወጣ ከተነሳ ልክ ነው፤ ታች ከተቀመጠ አልጋለም። አንድ ላይ ብዙ አትጨምሩ፣ ዘይቱን ያቀዘቅዘዋል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ብርቱካናማው ቀለም ያታልላል፣ ጥሬውም የበሰለ ይመስላል። የአረፋው ድምፅ ሲቀንስና በጭልፋ ሲነካ ጠንከር ሲል ነው የደረሰው።

የሚረጋ የፓልም ዘይት ከተጠቀማችሁ ድሬዳዋ ላይ ላታስተውሉት ትችላላችሁ፤ በሐረር ብርድ ግን ሙሸበኩ ላይ ረግቶ ከንፈር ላይ እንደ ሻማ ይቀራል። እዚያ ፈሳሽ ዘይት ተጠቀሙ።

ሽሮፑ አልገባለትም

ሙሸበኩ ቀዝቅዞ ነበር፣ ወይም ሽሮፑ ቀዝቅዞ ወፍሯል። ሙሸበኩ ከዘይት እንደወጣ ቢበዛ ለ10 ሰከንድ ዘይቱን አንጠፍጥፉና በቀጥታ ሽሮፕ ውስጥ ክተቱት። ሽሮፑ ጣት የሚያስችል ሙቀት ይኑረው፣ 45 ዲግሪ ገደማ።

ጥቂት ቆይቶ ለመሸመሸ

ሽሮፑ ሲፈላ ከተነከረበት፣ ሽሮፑ ከቀጠነ ወይም ረጅም ጊዜ ከቆየበት ኩርሽም ማለቱን ያጣል። በእያንዳንዱ ጎን 20 ሰከንድ ይበቃል፤ ከዚያ ሽቦ ወንፊት ላይ እንጂ ሳህን ላይ አታስቀምጡት። ትኩሱን በፌስታል ወይም በክዳን መሸፈን ወዲያው ይጎዳዋል፣ እንፋሎቱ ተመልሶ ያርሰዋል። ስታርቹን መተውም እንዲሁ ነው።

አንዴ ሽሮፕ ጠጥቶ የለመሸመሸ አይመለስም። ለረመዳን አፍጥር ቀድማችሁ መሥራት ካለባችሁ ከሰዓት በኋላ ጥበሱት፣ ሽሮፕ ሳይነካው ክፍት አድርጋችሁ አቆዩት፤ አዛን ሊደርስ 20 ደቂቃ ሲቀረው በ180 ዲግሪ ዘይት ለ30 ሰከንድ መልሳችሁ አጋሉትና ያኔ ንከሩት።