ከኳሱ በፊት ደብተር፦ ከ13 እስከ 15 ዓመት ያሉ ታዳጊዎችን በከተማ ዳር ሜዳ ለሚያሠለጥኑ

በአዲስ አበባ ዳር ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ የካ አባዶ ወይም ሱሉልታ አካባቢ የሰፈር ፕሮጀክት የሚጀምር አሠልጣኝ ሐሳቡ ሁሉ ኳስና ማልያ ላይ ነው። ከዚያ በፊት አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር ይገዛ። ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለት ገጽ ይበቃዋል። በአንዱ ገጽ የልደት ቀን፣ የወላጅ ስልክና የትምህርት ቤት ፈረቃ ይጻፋል፤ በሌላው በየወሩ የተለካ ቁመት፣ የቀረባቸው ቀናትና ያመመው ቦታ። በዚህ ዕድሜ ብዙ ተስፋ ያለው ልጅ የሚጠፋው አሠልጣኙ ቀድሞ የጎረመሰውን ጎበዝ፣ ያልደረሰበትን ደካማ ብሎ ስለሚመድብ ነው። ዓይን በዚህ በቀላሉ ይታለላል፤ ደብተር ግን አይታለልም።

የልደቱን ቀን ሙሉውን ጻፉ፤ ዓመቱ ብቻ አይበቃም። የእኛን ዓመት ወደ ፈረንጆቹ ለመለወጥ «8 ደምርበት» የሚለው ልማድ ብዙ ልጅ ያለ ምድቡ አሰልፏል። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ለተወለደ የሚደመረው 7 ነው፤ ከታኅሣሥ 23 ወዲህ ለተወለደ 8። በዘመነ ዮሐንስ (ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነችበት ቀጥሎ ባለው ዓመት) ድንበሩ አንድ ቀን ቀድሞ ታኅሣሥ 22 ላይ ይውላል። ዓለም አቀፍ ውድድሮች ዕድሜ የሚቆርጡት በጃንዋሪ 1 ስለሆነ ታኅሣሥ 15 ቀን 2002 የተወለደ ልጅ የ2009 ልጅ ነው፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 2002 የተወለደው ደግሞ የ2010። በመካከላቸው ዘጠኝ ቀን ብቻ አለ፤ ሁለተኛው ግን በታዳጊ ምድብ አንድ ዓመት ይተርፈዋል። ዕድሜ መቀነስን በተመለከተ፦ ፊፋ በፈረንጆቹ ከ2009 ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች የወንዶች ዓለም ዋንጫ ላይ የእጅ አንጓን በኤምአርአይ ያስመረምራል። የአንጓው የዕድገት መስመር (አጥንቱ የሚያድግበት ክፍል) ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ ወረቀቱ ምንም ቢል አያድንም። የሰፈር ዋንጫ ለማንሣት ሲባል ዕድሜው የተቀነሰለት ልጅ ዕዳውን የሚከፍለው ያን ጊዜ ነው።

ቁመት የሚለካው በወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ፣ ከልምምድ በፊት፣ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ላይ ይሁን፤ ሰው ጠዋት ከማታው ትንሽ ይረዝማልና። ልጁ ጫማውን አውልቆ ተረከዙን፣ መቀመጫውንና ትከሻውን ግድግዳ ያስነካ፤ አገጩን ሳያነሣ ፊት ለፊት ይይ። ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ አንዱን ጠርዝ ከግድግዳው፣ ሌላውን ከአናቱ አጋጥማችሁ፣ ጎፈሬ ካለው ጫን አድርጋችሁ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ሁለት ጊዜ ለኩ፤ ልዩነቱ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ከበለጠ ሦስተኛ ጨምሩ። ሜትሩን መሬት ላይ ረግጣችሁ ከያዛችሁ ወደ ላይ ስትስቡት ይጣመማል፤ በፕላስተር ግድግዳው ላይ አስተካክሎ መለጠፍ ይሻላል።

ወንድ ልጅ በፍጥነት የሚመዘዘው 14 ዓመት አካባቢ ነው፤ በዚያ ዓመት ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ሊጨምር ይችላል። ሴት ልጅ ሁለት ዓመት ያህል ትቀድማለች። በሦስት ወር 2 ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ የጨመረ ልጅ ስሙ በቀይ ይከበብ። አጥንቱ ጡንቻውን ቀድሞ ስለሚረዝም ትናንት ኳስ እግሩ ላይ የሚለጠፍለት ልጅ ዛሬ ኳሷ ትሸሸዋለች፣ በገዛ እግሩ ይጠላለፋል። ብዙ አሠልጣኝ «ሰነፈ» ብሎ ተጠባባቂ የሚያደርገው በዚህ ጊዜ ነው። ቀይ ላለው ልጅ ዝላይና አጭር ፈጣን ሩጫ ቀንሱለት፤ ቅብብልና ኳስ መቆጣጠር ግን አትቀንሱ። ጥቂት ወራት ታግሣችሁ ጠብቁት።

ሕመም ሲጀምር ቦታውን በጣት አሳዩኝ በሉ። ተረከዙን ከግራና ከቀኝ በሁለት ጣት ስትጫኑት የሚያመው፣ ወይም ከጉልበቱ ሎሚት ዝቅ ብሎ እብጠት ወጥቶ ሲንበረከክ የሚያቃጥለው ልጅ ጅማቱ የዕድገት መስመሩን እየጎተተበት ነው። መድኃኒቱ ዕረፍትና ጫና መቀነስ ነው። እየጎተቱና እያሹ «ማስተካከል» ያባብሰዋል፤ ስለዚህ ወላጆች ወደ ሰፈር ወጌሻ ከመውሰዳቸው በፊት አነጋግሯቸው። እያነከሰ የሚሮጥን ልጅ አስወጡት። ጭንቅላቱን ተመትቶ የዞረበት፣ ያስታወከው ወይም የሆነውን ያላስታወሰ ልጅ በዚያ ቀን አይመለስም፤ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ሜዳው የራሱ ጣጣ አለው። ከከተማው ደቡብና ምሥራቅ ዳር ያለው አብዛኛው መሬት መረሬ ነው። በክረምት ታኬታ ላይ እየተደረበ እግርን ያከብዳል፤ በበጋ ይሰነጠቅና ስንጥቁ ቁርጭምጭሚት ይውጣል። ከጥር ጀምሮ ሜዳውን በሳምንት አንድ ቀን ተሰልፋችሁ እያያችሁ ተሻገሩ፤ ሁለት ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ካለ በደቃቅ አሸዋ ወይም በዚያው በደቀቀ አፈር ሞልታችሁ ረግጡት። ቀይ አሽ አትድፉ፤ የወደቀ ልጅ ጉልበት ይልጣል። ለጎል ድንጋይ አታስቀምጡ፤ አሸዋ የተሞላ የሃይላንድ ጠርሙስ ሲመታ ይወድቃል፣ የእግር ጣት አይሰብርም።

ኳስ፦ እስከ 12 ዓመት ቁጥር 4፣ ከ13 ጀምሮ ቁጥር 5። ሕጉ ከ0.6 እስከ 1.1 ባር ይፈቅዳል፤ ጠንካራ መሬት ላይ ወደ 0.6 የተጠጋው ይሻላል፣ ድንጋይ ሆኖ አይነጥርምና። መርፌውን ሳታርሱ አታስገቡ፤ ደረቅ መርፌ ቫልቩን ይቀድና ኳሱ በሳምንቱ ይተነፍሳል።

አሁን ልምምዱ። 24 ልጅና 6 ኳስ አላችሁ፣ ሰዓቱ ከቀኑ 10 እስከ 11፡30 ነው እንበል። የመጀመሪያው 20 ደቂቃ ለሰውነት ማሟሟቂያ ነው። ፊፋ 11 ፕላስ የሚባለው ተከታታይ እንቅስቃሴ ለዚህ የተዘጋጀ ነው፦ ዝግ ያለ ሩጫ፣ ከዚያ ጥንካሬና ሚዛን፣ በመጨረሻ ፈጠን ያለ ሩጫ። ሲዘሉና ሲያርፉ ጉልበታቸውን ተመልከቱ። ጉልበቱ ወደ ውስጥ እየተጠጋ የሚያርፍ ልጅ ነገ የጉልበት ጅማት ሊበጠስበት የሚችል ልጅ ነው። መሬት ላይ በኖራ መስመር አስምሩ፣ ልጁ በመስመሩ ፊት ለፊት ይረፍ፣ ጉልበቱ ከሁለተኛው የእግር ጣቱ በላይ ይዋል። ድምፅ ሳያሰማ እንዲያርፍ ንገሩት፤ «እንደ ድመት» ሲባል ይገባዋል።

ቀጥሎ 20 ደቂቃ 4 ለ 2 (አራቱ ይቀባበላሉ፣ ሁለቱ ኳሱን ለመንጠቅ ያሳድዳሉ)፣ አሥር በአሥር ሜትር ሳጥን ውስጥ፣ በስድስት ልጅ አንድ ኳስ። አራት ቡድን ሲሆን ሁለት ኳስ በተጠባባቂነት ይተርፋል። ሁለት ንክኪ ብቻ ይፈቀዳል። የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው፦ ልጁ ለኳሱ በቀረበው እግሩ ይቀበላል፣ ጀርባው ለግማሹ ሳጥን ይዘጋል፣ ከዚያ የሚያቀብለው ወደ መጣበት ብቻ ነው። ራቅ ባለው እግሩ ሲቀበል ግን ደረቱ ይከፈታል፣ ሦስቱም ጓደኞቹ ይታዩታል። በየደቂቃው «ራቅ ባለው!» ማለት ሊያሰለቻችሁ ይችላል፤ በሉት።

ከዚያ ሦስት ትንንሽ ሜዳ፣ 30 በ20 ሜትር፣ በእያንዳንዱ 4 ለ 4 ያለ በረኛ። አራት ደቂቃ ጨዋታ፣ ሁለት ደቂቃ ዕረፍት፣ አራት ዙር። 24ቱም ይጫወታሉ፣ ማንም ቆሞ አያይም። አንድ ጎል ፊት ሰልፍ አስይዞ በየተራ ማስመታት ያምራል፣ ወላጅም ይወደዋል፤ ግን አንዱ ምት 10 ሰከንድ ከፈጀ ልጁ ተራው የሚደርሰው በየአራት ደቂቃው ነው። በ20 ደቂቃ አምስት ኳስ። አብዶ የሚወድ ልጅ ካለ በእነዚህ ትንንሽ ሜዳዎች ይሞክር፣ ኳስ ቢያስነጥቅ አትጩኹበት። የቀረው ጊዜ ለማብረጃና ለጎል ምት ነው።

በሳምንት አንድ ቀን ቡድኖቹን በዕድሜ መመደብ ትታችሁ በደብተሩ በተጻፈው ቁመታቸው መድቧቸው። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ አካዳሚዎችም በሰውነት ዕድገት ደረጃ የተመደቡ ውድድሮች ያካሂዳሉ። ገፍቶ የሚያልፈው ረጅም ልጅ እኩያው ሲገጥመው ማቀበል ይገደዳል፤ ሁልጊዜ የሚገፋው አጭር ልጅ ደግሞ ጨዋታ መምራት ይጀምራል። ማን እንደተለወጠ በዚያው ቀን ጻፉ።

ምግብ ላይ ረጅም ንግግር አያስፈልግም። ከልምምድ ሁለት ሰዓት በፊት ዳቦ፣ ሙዝ ወይም በሶ፤ ከልምምድ በኋላ ምሳው ወይም እራቱ ሽሮም ይሁን ምስር በደንብ ይብላ፤ እንቁላል ካለ እሰየው። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ልጅ ካላችሁ ሲገድፍ ቶሎ ቀለል ያለ ነገር ይቅመስ፤ የዚያን ዕለት ልምምድ ወደ ቅብብል ያዘንብል። በረመዳን ልምምዱን ወደ አፍጥር ጠጋ አድርጉት፣ ከባዱን ሩጫ ተዉት።

ደላላ ይመጣል። ልጁን ውጭ አገር ሙከራ እወስዳለሁ፣ ለቪዛ ይህን ያህል ይከፈል ይላል። የፊፋ የተጫዋቾች ዝውውር ደንብ አንቀጽ 19 ከ18 ዓመት በታች ያለን ልጅ ከአገር አገር ማዘዋወርን ይከለክላል፤ የተፈቀዱት ጥቂት ሁኔታዎች፣ ለምሳሌ ወላጆቹ ከኳስ ውጭ በሆነ ምክንያት ወደዚያ አገር ሲዛወሩ፣ ለዚህ ዓይነቱ ደላላ የሚመቹ አይደሉም። ገንዘብ የጠየቀውን ሰው ስልክና የተናገረውን ጻፉ፣ ለወላጅም ንገሩ።

በሌላ በኩል ክለባችሁ በፌዴሬሽን ከተመዘገበ ደብተሩ ገንዘብም ሊያስገኝ ይችላል። ተጫዋቹ ኋላ ላይ ወደ ውጭ በክፍያ ሲዛወር ከዝውውር ክፍያው 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ልጁ ከመቼ እስከ መቼ እናንተ ጋ እንደነበረ ካልተመዘገበ የሚጠየቅ ነገር የለም። ስለዚህ የገባበትንና የወጣበትን ቀን በፊተኛው ገጽ ላይ ጻፉ፣ ወላጅ ይፈርም፣ ገጹን በየወሩ በስልክ ፎቶ አንሡት። ደብተሩ ራሱ በፌስታል ተጠቅልሎ ይቀመጥ፤ የሐምሌ ዝናብ ሜዳ ላይ ሲያገኘው የእርሳሱ ጽሑፍ ይተርፋል፣ የእስክሪብቶው ይፈሳል።