ብዙ ላነበበ ሰው መጽሐፍ እንዴት ይጠቆማል?

ብዙ ላነበበ ሰው መጽሐፍ ሲጠቁሙ «ምን ዓይነት ይወዳሉ?» ከማለት ይልቅ፣ በቅርቡ ጀምሮ የተወው መጽሐፍ የትኛው እንደሆነና ለምን እንዳሰለቸው ይጠይቁት። የትረካው መንዛዛት ብቻ ያሰለቸው አንባቢ መጽሐፉ የሚተርክበትን ያንኑ ዘመን በሌላ ደራሲ ብዕር ቢያገኘው በደስታ ያነበዋል።

በእኔ እምነት ልብ ወለድንና ታሪክን አጣምሮ መስጠት ከሁሉ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው የመዓዛ መንግሥቴ «ዘ ሻዶው ኪንግ» የፋሺስት ጣሊያንን ወረራ የተዋጉ ሴቶችን ይተርካል። እሱን ለጨረሰ፣ ኢያን ካምቤል ስለ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ የጻፈውንና እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣውን የታሪክ መጽሐፍ ያስከትሉለት፤ በስድስት ኪሎ የሰማዕታት ሐውልት ሥር ዘወትር የሚያልፍ ሰው፣ ሦስት ቀን የዘለቀው ግድያ በሚያውቃቸው ሰፈሮች እንደተፈጸመ ሲያነብ ገጹን መግለጥ አያቆምም። ይዘቱ ግን እጅግ የሚያሳዝን ስለሆነ አስቀድመው ይንገሩት። ሁለቱም በእንግሊዝኛ ስለተጻፉ፣ በዚያ ቋንቋ ማንበብ እንደማያስቸግረው ማረጋገጥም ያስፈልጋል።

በአንድ ጊዜ ከሁለት መጽሐፍ በላይ አይጠቁሙ፤ መጨረሻውንም አይንገሩ። ለመግዛት ካመነታ፣ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ጎራ ብሎ መጽሐፉ ካለ የመጀመሪያውን ምዕራፍ እዚያው ያንብብ።