ዶዙን ሳይለኩ ወደ ፋሽኑ፦ በሕክምና ፊዚክስ ምርምር ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በእጄ የሚያልፉት የድኅረ ምረቃ የምርምር ዕቅዶች እየተመሳሰሉ መጥተዋል። አንዱ ስለ ፍላሽ የጨረር ሕክምና ነው፤ ሌላው ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት፤ ሦስተኛው ሁለቱን ደባልቋል። ዘመኑ የሚያወራው ይህንኑ ስለሆነ በርዕሱ አልቆጣም። የምቆጣው ዕቅዱን እስከ መጨረሻው አንብቤ ዶዙ፣ ማለትም አካሉ የተቀበለው የጨረር መጠን፣ በምን እንደሚለካ የሚናገር አንድ መስመር ሳጣ ነው። ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚያች ከጠፋችው መስመር የተወለዱ ናቸው። ዓመታቱን የጻፍኳቸው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ፍላሽን ከ2014 መጀመር

በተለመደው የጨረር ሕክምና ዶዙ የሚሰጠው በደቂቃ ጥቂት ግሬይ (የዶዝ መለኪያ አሃድ) እየሆነ ነው። በፍላሽ ግን ፍጥነቱ በሴኮንድ ከ40 ግሬይ ይበልጣል፤ ሕክምናው ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ያልቃል። በ2014 የፈረንሳዩ የኪዩሪ ተቋም ተመራማሪዎች የአይጦችን ደረት በዚህ ፍጥነት በጨረር ሲመቱ ሳንባው ከጠባሳ ተረፈ፤ ዕጢው ግን በተለመደው ዘዴ የሚጎዳውን ያህል ተጎዳ። ወሬው ዓለምን አዳረሰ። ተማሪዎቻችንም የቀደሙ ጥናቶችን ቅኝታቸውን ከዚያ ዓመት ይጀምራሉ።

ታሪኩ ግን የቆየ ነው። በ1959 ዲዊ እና ቦግ የተባሉ ተመራማሪዎች ባክቴሪያዎችን እጅግ አጭር በሆነ የጨረር ምት ሲመቱ፣ በአካባቢያቸው ጥቂት ኦክስጅን እያለ ፈጽሞ እንደሌለ ያህል ጨረሩን ሲቋቋሙት አዩ። ጤናማውን ሕብረ ሕዋስ የሚያድነው የኦክስጅን መሟጠጥ ነው ወይስ ሌላ ነገር የሚለው የዛሬ ክርክር ሥሩ እዚያ ነው። ክርክሩ ገና አልተዘጋም። ሥሩን ያላነበበ ሰው ግን ሌሎች ከስልሳ ዓመት በፊት የጠየቁትን እንደ ራሱ ግኝት ይዞ ይቀርባል፤ ገምጋሚውም ይታዘበዋል።

የመጀመሪያውን መልካም ውጤት እንደ ፍርድ መቁጠር

በ2018 በስዊዘርላንዷ ሎዛን ከተማ የቆዳ ሊምፎማ (የካንሰር ዓይነት) ለያዛቸው የ75 ዓመት አዛውንት 15 ግሬይ በ90 ሚሊሴኮንድ ተሰጣቸው። ዕጢው ጠፋ፤ ቆዳቸውም ብዙ አልተጎዳም። በሰው ላይ የመጀመሪያው ነበርና ደስታው አያስገርምም።

ቀጥሎ የመጣውን የድመቶች ሙከራ ግን ብዙዎች ዘልለውት ያልፋሉ። አፍንጫቸው ላይ ካንሰር በወጣባቸው ድመቶች ፍላሽ ከተለመደው ዘዴ ጋር ተነጻጸረ። ሕክምናው ከተሰጠ ከ9 እስከ 15 ወራት በኋላ በፍላሽ ከታከሙት 7 ድመቶች የ3ቱ የላይኛው መንጋጋ አጥንት ሞተ፤ ሙከራው ያለ ጊዜው ተቋረጠ። አጥንት ዕዳውን የሚጠይቀው ዘግይቶ ነው። ክትትልዎ በሦስተኛው ወር የሚያበቃ ከሆነ ያዩት የቆዳውን መቅላት ብቻ ነውና ድምዳሜዎንም እዚያው ላይ ያቁሙት።

መሣሪያው ያሳየውን ቁጥር እንዳለ መውሰድ

ይህኛው በጣም ያሳስበኛል። በየሆስፒታሉ ዶዝ የሚለካበት አዮናይዜሽን ቻምበር የሚሠራው ጨረሩ በአየር ውስጥ የፈጠራቸውን አዮኖች (የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸውን ቅንጣቶች) ሰብስቦ ነው። በፍላሽ አንዱ ምት ብቻውን ብዙ ዶዝ ስለሚይዝ አዮኖቹ ሳይሰበሰቡ እርስ በርስ ተመልሰው ይዋሃዳሉ፤ ቻምበሩም ከእውነቱ ያነሰ ቁጥር ያሳያል። ተመራማሪው 10 ግሬይ ሰጠሁ ሲል አይጧ ከዚያ በላይ ተቀብላለች። ስለዚህ የዶዙ ፍጥነት እምብዛም የማያሳስተውን የጨረር ፊልም ወይም አላኒን (የተቀበለውን ዶዝ ምልክት ይዞ የሚቆይ አሚኖ አሲድ) መጠቀም፣ ሲቻል ደግሞ ጨረሩ የፈጠረውን ሙቀት በሚለካው ካሎሪሜትር ማመሳከር ያስፈልጋል።

ካሎሪሜትር ሲባል ቀላል እንዳይመስልዎት። 10 ግሬይ ውኃን የሚያሞቀው በ0.0024 ዲግሪ ሴልሺየስ ብቻ ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሙሉ ሰውነቱ 4 ግሬይ ቢቀበል የገባበት ኃይል 280 ጁል ነው፤ አንዴ ፉት ያልነው ትኩስ ቡና የሚሰጠን ሙቀት ያህል መሆኑ ነው። ቡናው ያነቃል፤ ያ ዶዝ ግን ሕክምና ያላገኘን ሰው ሊገድል ይችላል። ጉዳቱ ከሙቀቱ ሳይሆን ዲ ኤን ኤ ላይ ከሚደርሰው ስብራት ስለሆነ ቁጥሩ ትንሽ መምሰሉ አያታልልዎ።

ግሬይን እና ሲቨርትን ማምታታት

ግሬይ በእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ውስጥ የቀረውን ኃይል ይናገራል። በሲቨርት የሚገለጸው ኢፌክቲቭ ዶዝ ደግሞ የእያንዳንዱን አካል ዶዝ እንደ ተጋላጭነቱ በተሰጠው ማባዣ እያባዛ የሚደምር፣ የኮሚቴ ውሳኔ ያለበት ስሌት ነው። ዓለም አቀፉ የጨረራ መከላከያ ኮሚሽን በ2007 የጡትን ማባዣ ከ0.05 ወደ 0.12 ሲያሳድግ የመራቢያ አካላትን ከ0.20 ወደ 0.08 ዝቅ አድርጓል። አንድ የደረት ሲቲ ስካን ጨረሩ ሳይለወጥ በአዲሱ ስሌት ሌላ ቁጥር ወጣለት ማለት ነው። የአንዲትን ታካሚ የካንሰር ሥጋት በዚህ ቁጥር መተንበይ ቁጥሩ ያልተሠራበትን ሥራ ማሸከም ነው።

የአንድ ታካሚን ምስሎች ለማሠልጠኛም ለመፈተኛም ማዋል

የሰው ሠራሽ አስተውሎት ዕቅዶች ዋና በሽታ ነው። የአቶ እገሌ የሲቲ ምስል 30ኛው ቁራጭ ለማሠልጠኛ፣ 31ኛው ለመፈተኛ ይገባል፤ ሁለቱ መንትዮች ናቸውና ፕሮግራሙ በደስታ ያልፋል። ክፍፍሉ በታካሚ ይሁን፤ ከተቻለም መፈተኛው ከሌላ ሆስፒታል ይምጣ። የሞንቴ ካርሎ ስሌት (የጨረሩን ቅንጣቶች ጉዞ በዕጣ እያስመሰሉ ዶዝ ማስላት) ለሚሠሩ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ፦ የስታቲስቲክሱን ስህተት በ10 እጥፍ ለመቀነስ የሚከተሏቸውን ቅንጣቶች በ100 እጥፍ ማብዛት ያስፈልጋልና የኮምፒውተር ጊዜዎን ቀድመው ያስሉ።

ኮባልትን መናቅ

ለብዙ ዓመታት የአገራችን ብቸኛ የጨረር ሕክምና ማዕከል የነበረው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ታካሚዎቹን ሲያክም የኖረው ጨረር በሚያመነጨው ኮባልት 60 ነው። ዛሬ ጨረሩን በኤሌክትሪክ ኃይል የሚያመነጨው ሊኒያር አክስለሬተር ሲመጣ ስለ ኮባልት መጻፍ ኋላ ቀርነት የሚመስላቸው አሉ። የኮባልት 60 ግማሽ ዕድሜ 5.27 ዓመት ነው፤ ምንጩ በየወሩ 1 በመቶ ገደማ ይደክማል። አዲስ ሳለ 2 ደቂቃ ይፈጅ የነበረው ሕክምና ከአምስት ዓመት ከሦስት ወር በኋላ 4 ደቂቃ ይፈጃል። ታካሚው ያንን ያህል ሳይነቃነቅ መተኛት አለበት፤ በር ላይ ያለው ሰልፍም በዚያው ልክ ይረዝማል። ሰልፉ ስንት ሰው ጨመረ? የስንቱ ሕክምና ተጓተተ? ለዚህ ጥናት የክፍሉ መዝገብና አንድ ላፕቶፕ ይበቃል፤ እኔ ግን ይህንን የሚጠይቅ ዕቅድ እስካሁን በእጄ አልገባም።