ግድቡ በጀርባው ሲያፈስ፦ መጀመሪያ ቱቦውን ጠርጥሩ

የአፈር ግድብ አፈሰሰ ተብዬ ስጠራ ከአካፋ በፊት ብርጭቆ ነው የምይዘው። ከጀርባው፣ ማለትም ከኩሬው ተቃራኒ ካለው ጎን፣ ግርጌ የሚወጣውን ውሃ እቀዳና ወደ ፀሐይ አነሳዋለሁ። ጥርት ያለ ከሆነ አትደንግጡ። የአፈር ግድብ በመጠኑ ያሰርጋል፤ ያ ውሃም ከታች ያሉትን ጉድጓዶች ሊመግብ ይችላል። ባልዲ ደቅኑና በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ ጻፉ። ኩሬው እዚያው ከፍታ ላይ እያለ ባልዲው ቶሎ መሙላት ከጀመረ ነገር አለ።

ከደፈረሰ ግን ቀልድ የለም። ውሃው ግድቡን ከውስጥ እየበላው ነው።

የት እንደሆነ ልገምት? በግድቡ ሆድ አልፎ የመስኖ ውሃ በሚያወጣው ቱቦ ዳር። ደጋግሜ ያየሁት ይሄንኑ ነው። ሮለር ነጂው ቱቦውን እንዳይሰብር ይሸሻል። በእጅ ጠቅጥቁ የተባሉት ደግሞ ላዩን መታ መታ አድርገው ይሄዳሉ። የቱቦው ስር ልል እንደሆነ ይቀራል። ውሃ ያንን ሳያገኝ አያድርም። አፈሩን እየጠረገ ይወጣል፤ ቀዳዳው ከጀርባ ተነስቶ ወደ ኩሬው ያድጋል። አንድ ቦታ "ጣት እንኳ አታስገባም" ያሉኝን ቀዳዳ አይቼ፣ ውሃውን ቀንሱ ብዬ ሄድኩ። አልቀነሱም። ሁለት ቀን ዘንቦ ስመለስ ውሻ ታስገባለች።

ሌላ ቦታ መውጫውን በጭቃና በጆንያ ጥርቅም አድርገው ደፍነው ጠበቁኝ። ማታ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ፈነዳ። በጀርባ በኩል በጭራሽ አትድፈኑ! ውሃው ይውጣ፣ አፈሩ ይቅር። ንጹህ አሸዋ፣ በላዩ ጠጠር፣ በላዩ ድንጋይ ደርድሩ። ኩሬውን ቀስ እያላችሁ ቀንሱ፤ ባንዴ ካወረዳችሁት ውሃ የጠጣው የፊት፣ የኩሬው በኩል ተዳፋት ይናዳል።

ዘላቂው መፍትሄ ቁፋሮ ነው። ኩሬው ሲደርቅ የቱቦውን ዙሪያ እስከ ደህናው አፈር ቆፍሩ። የጉድጓዱን ጎን ቀጥ አድርጋችሁ አትቁረጡ፣ አጋድሙት፤ አዲሱ አፈር ከአሮጌው የሚያያዘው እንደዚያ ነው። እርጥበት ያለው ሸክላ አፈር ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር እየደለደላችሁ ጠቅጥቁ። በመዳፍ ስታድቦለቡሉት እርሳስ የሚያህል ዘንግ ካልወጣው ደርቋል፤ እጅ ላይ ከተጣበቀ ውሃ በዝቶበታል። በጀርባ በኩል ባለው ሲሶ ቱቦውን በንጹህ አሸዋ ክበቡት፣ አሸዋው ውስጥ ለሚገባው ውሃም መውጫ ስጡት። "የኮንክሪት አንገትጌ (ቱቦውን የከበበ ቀለበት) አለው" አትበሉኝ፤ አንገትጌው ዳር ማን ጠቀጠቀው? ስስ ቱቦና ያረጀ የመገጣጠሚያ ጎማ መልሶ የሚገጥም ሰውም ሁለተኛ አይጥራኝ።

አፈሩን ከመሙላታችሁ በፊት አንድ ትንሽ ጓል የዝናብ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ጣሉ። ዙሪያው እንደ ወተት ከደፈረሰ አፈሩ በውሃ የሚበተን ነው፤ ሌላ አፈር ፈልጉ።

የጃርት ጉድጓድ? ቆፍራችሁ ሙሉና ጠቅጥቁት። ዛፍ? በችግኝነቱ ንቀሉት። አናቱን ከፊት ወደ ጀርባ ያቋረጠ ስንጥቅ በርዝመቱ ከሄደው ይበልጥ ያስፈራል። "ብዙ ውሃ እንያዝ" ብሎ የትርፍ ውሃ ማስወገጃውን በጆንያ የሚዘጋም አለ! ውሃው በአናቱ ከፈሰሰ ግድቡ በሰዓታት ውስጥ ሊሄድ ይችላል።

ከቆፈራችሁ አይቀር ቫልቩንም ከጀርባ ወደ ኩሬው በኩል አዙሩት። ከጀርባ ሆኖ ሲዘጋ ቱቦው ሙሉውን ግፊት ተሸክሞ ግድቡ ውስጥ ይተኛል። አንዲት መገጣጠሚያ ከለቀቀች እንደገና ብርጭቆ ይዤ ልመጣ ነው።